በ80 ዲግሪ ብቻ ብቅ የሚል ሲሊኮን፦ የአዮናዊ ፈሳሽ ገጽ በኤክስፒኤስ ሲለካ

ጠብታ፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የምለካው 1-ኦክቲል-3-ሜቲልኢሚዳዞሊየም ቢስትሪፍሊማይድ የተባለ አዮናዊ ፈሳሽ (በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነ ጨው) ነው፤ ከዚህ በኋላ «ኦክቲሉ» ልበለው። መሣሪያው ኤክስፒኤስ (ኤክስሬይ ያረፈበት ገጽ የሚለቃቸውን ኤሌክትሮኖች ጉልበት የሚለካ)፣ የኤክስሬይ ምንጩ ሞኖክሮማቲክ አልሙኒየም ኬ-አልፋ፣ 1486.6 ኤሌክትሮን ቮልት። የምፈልገው የኦክቲል ሰንሰለቱ ወደ ቫኪዩሙ በኩል ይሰበሰባል የሚባለውን ነገር ማዕዘን እየቀያየርኩ ማየት ነው።

በ0 ዲግሪ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከገጹ ቀጥ ብለው ሲወጡ፣ ሁሉም ልክ ነው። የካታዮኑ (ሰንሰለቱ ያለበት አዎንታዊ አዮን) ናይትሮጅን 402.1 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፣ የአናዮኑ (አሉታዊው ቢስትሪፍሊማይድ) 399.4 ላይ፣ ስፋታቸው 2 ለ 1። በ80 ዲግሪ ግን ከፎርሙላው ውጭ የሆኑ ሁለት ፒኮች ይታያሉ፤ አንዱ 102፣ ሌላው 153 አካባቢ። የኦክስጅኑም ፒክ ከሚጠበቀው በላይ ነው። 285.0 ላይ ያለው የሰንሰለት ካርቦን በጣም አድጓል፤ እሱን እንኳ እጠብቀው ነበር፣ አሁን ግን ልመነው ወይስ አልመነው?

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እነዚህ ፒኮች የምንድን ናቸው? ሁለተኛ፣ በኤንኤምአር (በኒውክለር ማግኔቲክ ሬዞናንስ) ፕሮቶኑም ፍሎሪኑም ንጹሕ የሆነ ፈሳሽ እንዴት እንዲህ ያሳያል? ሦስተኛ፣ ኤክስፒኤሱን ትቼ በኤቲአር ኢንፍራሬድ (ፈሳሹን ክሪስታል ላይ አስቀምጦ በኢንፍራሬድ ብርሃን በሚለካው ዘዴ) ገጹን ባየው ይሻላል?

ኤሌክትሮን_ቆጣሪ፦

እህቴ፣ 102 እና 153 ከሲሊኮን ንጥረ ነገር 2ፒ እና 2ኤስ ምህዋሮች በወጡ ኤሌክትሮኖች የሚሠሩ ፒኮች ናቸው። አንዱ ብቻውን ቢመጣ ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ ግን አያጠራጥርም። ቦታውም የሲሎክሴን፣ ማለትም ሲሊኮንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተያያዙበት ውህድ፣ ቦታ ነው። የሲሊካ ብናኝ ቢሆን 2ፒው 103.5 አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ ብናኝ ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል እንጂ ገጹ ላይ አይነጠፍም። ስለዚህ ያገኘሽው የቫኪዩም ግሪስ ወይም የሲሊኮን ዘይት ነው።

በ0 ዲግሪ ለምን እንደማይታይ በቁጥር እንየው። የኦክቲሉ ሞላር ክብደት 475.5 ግራም፣ እፍጋቱ 1.32 ያህል ነው። አንድ የአዮን ጥንድ 0.6 ኪዩቢክ ናኖሜትር ይይዛል፤ ኩብ ሥሩ 0.84 ናኖሜትር ነው። እንግዲህ የላይኛው ንጣፍ ውፍረት 0.8 ናኖሜትር ያህል ነው ብለን እንያዝ። በዚህ የኤሌክትሮን ጉልበት፣ ከ1000 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ማለቴ ነው፣ ኤሌክትሮኑ ጉልበት ሳያባክን የሚሄደው ርቀት 3 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከጠቅላላው ምልክት ከላይኛው ንጣፍ የሚመጣው ድርሻ እንዲህ ይሆናል፦ በ0 ዲግሪ 23 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ 41፣ በ70 ዲግሪ 54፣ በ80 ዲግሪ 78 በመቶ። ከ70 ወደ 80 ያለችው 10 ዲግሪ ብቻዋን ከ0 እስከ 60 ካለው መንገድ የበለጠ ትሠራለች። ለዚህ ነው 60 ዲግሪ ላይ ቆሞ «ገጹ ንጹሕ ነው» ማለት የማይቻለው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ዋናው ነው። ፈሳሹን ያስቀመጥሽበት ጉድጓድ 0.5 ሚሊሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ገጹን ሙሉ በሙሉ በ0.8 ናኖሜትር ሲሎክሴን ለመሸፈን የሚያስፈልገው መጠን 0.8 ሲካፈል ለ500,000 ነው። በሚሊዮን ውስጥ ከ2 ክፍል ያነሰ ማለት ነው። መደበኛ ኤንኤምአር ይህን በፍጹም አያይም። በዚያ ላይ የሲሎክሴን ሜቲል በክሎሮፎርም ውስጥ 0.07 ፒፒኤም ላይ ነው የሚወጣው፤ ማመሳከሪያው ቲኤምኤስ (ቴትራሜቲልሲሌን) 0 ላይ ስለሆነ ትንሽ ቢኖር እንኳ እግሩ ሥር ተደብቆ ያልፋል። በኤንኤምአር ንጹሕ መሆንና ለገጽ ጥናት ንጹሕ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የጨው_ጓዳ፦

ቆጣሪ ያለው ልክ ነው። ወጥ ሲበስል ዘይቱ ወደ ላይ እንደሚወጣው ሲሎክሴኑም ወደ ገጹ ይወጣል። ከውስጥ ብዙም ሳይኖር ላዩን ያለብሰዋል።

ብርሃን_ሰባሪ፦

ምሳሌው ሥዕሉን ያሳያል፤ ምክንያቱ ግን ክብደት አይደለም። የወጡ ዘይት የሚወጣው ስለሚቀል ነው። ሲሎክሴን ወደ ገጹ የሚሄደው የገጽ ውጥረቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው፦ በሜትር 20 ሚሊኒውተን ገደማ። የኦክቲሉ 31 አካባቢ ነው። ፈሳሹ የገጹን ጉልበት ለመቀነስ ሲል ያገኘውን ዝቅተኛ ውጥረት ያለው ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይጠራል። ይህን ማስተዋል የሚጠቅመው ሌሎች እድፎችንም ስለሚያስረዳ ነው፤ ከሰም የመጣ ሃይድሮካርቦንም፣ ፍሎሪን የበዛበት ዘይትም ከፈሳሹ ቢከብድም ባይከብድም ገጹ ላይ ይገኛል።

የኦክቲል ሰንሰለቱ ራሱ ወደ ላይ የሚዞረውም በዚሁ ሕግ ነው። እድፉና እውነተኛው ውጤት አንድ ምክንያት ስላላቸው ነው መለየቱ የሚከብደው።

ጠብታ፦

ይህ በጣም ረድቶኛል። ቆጣሪ፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከዚሁ ስፔክትረም የሲሎክሴኑን ድርሻ ቀንሼ የሰንሰለቱን ማወቅ እችላለሁ? ወይስ መረጃው ሁሉ የሚጣል ነው?

ኤሌክትሮን_ቆጣሪ፦

ለማጣራት ይቻላል፤ ለጽሑፍ ግን አይበቃም።

ኦክቲሉ ሃይድሮጅንን ሳንቆጥር 29 አተሞች አሉት፦ 14 ካርቦን፣ 6 ፍሎሪን፣ 4 ኦክስጅን፣ 3 ናይትሮጅን፣ 2 ሰልፈር። ከካርቦኖቹ 7ቱ የሰንሰለት ናቸው። ኦክቲል 8 ካርቦን ቢኖረውም ከናይትሮጅን ጋር የተያያዘው ከነዚህ አይቆጠርም። 5ቱ ከናይትሮጅን ጋር የተያያዙ ናቸው፦ 3 የቀለበቱ፣ አንዱ ሜቲሉ፣ አንዱ የሰንሰለቱ መነሻ። 2ቱ ፍሎሪን የተሸከሙት ናቸው፣ 293 አካባቢ የሚወጡት። የተመጣጠነው ፈሳሽ 7 ለ 5 ለ 2 ነው።

አንድ የሲሎክሴን ክፍል አንድ ሲሊኮን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ካርቦን አለው። ካርቦኖቹ 285.0 አጠገብ ከሰንሰለቱ ካርቦን ጋር ተደራርበው ይወጣሉ። እንግዲህ በ80 ዲግሪ 3 በመቶ ሲሊኮን ካየሽ፣ 6 በመቶ ካርቦንና 3 በመቶ ኦክስጅን የፈሳሹ አይደሉም ማለት ነው። የተመጣጠነው ፈሳሽ የሰንሰለት ካርቦን 24.1 በመቶ ነው፤ ቀሪው 88 በመቶ ፈሳሽ 21 ያህል ይሰጣል፣ የግሪሱ 6 ሲደመርበት 27 ይሆናል። ስለዚህ ከ24 ወደ 27 የሚደርስ «የሰንሰለት ክምችት» ካገኘሽ ሙሉ በሙሉ ከግሪስ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫም አለው። በአናዮኑ ውስጥ ኦክስጅን ከሰልፈር እጥፍ ነው። ከኦክስጅኑ የሰልፈሩን እጥፍ ቀንሺ፤ የሚተርፈው ከሲሊኮኑ ጋር እኩል ከሆነ ሲሎክሴን ነው። ከሲሊኮኑ ሁለት እጥፍ ከሆነ ሲሊካ አለበት። ሲሊኮን ሳይኖር ኦክስጅን ከተረፈ ውሃ ወይም ሌላ ኦክስጅን ያለው እድፍ ፈልጊ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፍሎሪን 1ኤስን ከሲሊኮን 2ፒ ጋር አታወዳድሪ። የፍሎሪኑ ኤሌክትሮን የሚወጣው በ800 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፣ የሲሊኮኑ በ1384። ያው ማዕዘን ቢሆንም የሚያዩት ጥልቀት የተለያየ ነው። ሁለቱን ናይትሮጅኖች እርስ በርስ፣ ሦስቱን ካርቦኖች እርስ በርስ ማወዳደር ግን አስተማማኝ ነው፤ ጉልበታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ጥልቀታቸውም አንድ ነው።

መስታወት_ቤት፦

ይቅርታ፣ ሁላችሁም እድፉ ከፈሳሹ ነው ብላችሁ ጀመራችሁ። ከማሽኑስ ቢሆን? የቫኪዩም ክፍሉ ቀድሞ ሲሊኮን ጎማ ወይም የዲፊውዥን ፓምፕ ዘይት ገብቶበት ከነበረ ገጹ ላይ ከላይ ይወርዳል።

ኤሌክትሮን_ቆጣሪ፦

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሚለይበትም መንገድ አለ። አዲስ የጸዳ የወርቅ ፎይል በሌላ መያዣ ላይ አድርጋችሁ ከናሙናው ጋር እኩል ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡ፤ ለምሳሌ 12 ሰዓት። ከዚያ ወርቁን በ80 ዲግሪ ለኩ። ሲሊኮን ወርቁ ላይም ካለ ማሽኑ ነው። ወርቁ ንጹሕ ሆኖ ፈሳሹ ላይ ካለ ፈሳሹ ነው። «በሌላ መያዣ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲሎክሴን ብረት ላይ ይሳባል፣ ወርቁ ከጠብታው አጠገብ ከሆነ ከፈሳሹ ጠርዝ ወጥቶ ወርቁን ያጠቃዋል፣ መልሱም ይዘበራረቃል።

ሁለተኛው ፍተሻ ጊዜ ነው። ናሙናው እንደገባና ከ12 ሰዓት በኋላ የተወሰዱት ስፔክትረሞች አንድ ከሆኑ እድፉ አብሮት ገብቷል። እየጨመረ ከሄደ ከክፍሉ እየመጣ ነው።

የጨው_ጓዳ፦

ከፈሳሹ መሆኑ ከተረጋገጠ ምንጮቹን ልዘርዝር፤ ሁሉም በሥራ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ያሉ ናቸው።

የብርጭቆ መጋጠሚያ ግሪስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። በቴፍሎን እጀታ ወይም በቴፍሎን መዝጊያ ተኩት። ሁለተኛው የፕላስቲክ መርፌ ነው፤ ጎማው እንዲንሸራተት በሲሊኮን ዘይት ይቀባል። ጎማ የሌላቸው፣ በርሜሉም መግፊያውም ፕላስቲክ ብቻ የሆኑ መርፌዎች አሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የብርጭቆ ፒፔት ነው። ሦስተኛው የሲሊኮን ሴፕተም (በመርፌ የሚበሳ የጎማ መክደኛ) እና የሲሊኮን ቱቦ። አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ የዘይት መታጠቢያ። ብልቃጡ ከሲሊኮን ዘይት ሲወጣ ውጭው እንደተቀባ ነው፤ ፈሳሹን ሲያጋቡ ዘይቱ ከአንገቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። የአልሙኒየም ማሞቂያ ብሎክ ይህን ያስቀራል።

ፓራፊልምም (ዕቃ አፍ ላይ የሚጠቀለል የሰም ፊልም) አይጠቅምም። ሲሊኮን ስለሌለው 102 ላይ አይታይም፤ ሰሙ ግን 285.0 ላይ ይጨምርና ሰንሰለቱ የተሰበሰበ ያስመስላል። ከሲሊኮኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ሲሊኮን ራሱን ያጋልጣል፣ ሰም ግን የሚፈለገውን ውጤት መስሎ ይመጣል።

ብርጭቆውን ለማጽዳት፦ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በአይሶፕሮፓኖል በተሞላ ገንዳ ውስጥ ሌሊቱን ይደር። ሲሎክሴንን የሚቆርጠው ጠንካራ ቤዝ ነው። በውሃ፣ ቀጥሎ በቀጭን አሲድ፣ በመጨረሻም በ18.2 ሜጋኦም ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡ። ከዚያ ቦሮሲሊኬት ከሆነ በ450 ዲግሪ ሴልሲየስ አቃጥሉት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ሳያጥቡ ቢያቃጥሉት ሲሎክሴኑ ወደ ሲሊካ ተለውጦ ብርጭቆው ላይ ይጣበቃል። ገንዳው ቆዳ ይበላል፣ አይሶፕሮፓኖሉም ይቀጣጠላል፤ መነጽርና ወፍራም ጓንት የግድ ነው። የልኬት ዕቃዎችን እሳት ውስጥ አታስገቡ።

ጠብታ፦

አሁን በእጄ ያለውን 10 ሚሊሊትር መጣል አለብኝ? ወይስ ይጸዳል? አዲስ ልሥራ ብል ደግሞ ከየት ልጀምር?

የጨው_ጓዳ፦

አትጣዪው። ሲሎክሴን በሄክሳን በደንብ ይሟሟል፤ ኦክቲሉ ግን ከሄክሳን ጋር አይዋሃድም፣ ከሥር ይቀራል። 10 ሚሊሊትሩን ቴፍሎን ቧንቧ ባለው መለያያ ውስጥ ጨምሪ፤ ግሪስ እንዳይነካው። 5 ሚሊሊትር አዲስ የተጣራ ሄክሳን ጨምረሽ ሁለት ደቂቃ አናውጪው፣ እስኪለይ ጠብቂ፣ የታችኛውን ንብርብር አውጪ። ሦስት ጊዜ ድገሚ። «አዲስ የተጣራ» ስል ከጠርሙስ ቀጥታ ያልመጣ፣ በንጹሕ ብርጭቆ ዳግመኛ የተነጠረ ማለቴ ነው፤ የሟሟው ዝቃጭ ራሱ ሄክሳኑ ሲተን ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በ60 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 20 ሰዓት በቫኪዩም፣ በመስታወት በተሸፈነ ማግኔት እያማሰልሽ አድርቂው።

አዲስ ለመሥራት፦ 1-ሜቲልኢሚዳዞል መጀመሪያ መነጠር አለበት። ከ1-ብሮሞኦክቴን ጋር በትንሽ ትርፍ፣ ለአንድ ሞል ኢሚዳዞል 1.05 ሞል ያህል፣ በናይትሮጅን ሥር አገናኚው። ሙቀቱን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ውስጥ ያዢው። ምላሹ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ብሮሞኦክቴኑን በአንድ ጊዜ መጨመር ቢጫ ቀለም ያመጣል፣ ቀለሙም ኋላ በቀላሉ አይለቅም። ብሮማይዱን በኤቲል አሴቴት አጥቢው።

ለ10 ግራም ብሮማይድ፣ 275.2 ግራም በሞል ስለሆነ 36.3 ሚሊሞል፣ 10.6 ግራም ሊትየም ቢስትሪፍሊማይድ ያስፈልጋል፤ ይህ 2 በመቶ ትርፍ አለው። ሁለቱን በየራሳቸው ውሃ አሟሚና አንዱን በአንዱ ላይ እያማሰልሽ ጨምሪ። ኦክቲሉ ከሥር ንብርብር ሆኖ ይለያል። ምንም ካልጠፋ 17.3 ግራም ነው። ከዚያ በውሃ ማጠብ ነው፤ የማጠቢያው ውሃ ላይ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ሲጨመር ጉም እስከማይታይ ድረስ። ስድስት ጊዜም ስምንት ጊዜም ሊሆን ይችላል። ብሮማይድ ከቀረ ፈሳሹን ያወፍረዋል፤ ስፔክትረሙ ውስጥም የብሮሚን 3ዲ ፒክ 68 አካባቢ ይታያል።

ቀለሙን ለማስለቀቅ ሲሊካ ወይም አሉሚና ኮለም ላይ ማሳለፍን ብዙ ሰው ይመክራል። ለገጽ ጥናት አልመክርም። ጥቃቅን ብናኝ ፈሳሹ ውስጥ ይተዋል፤ ብርሃን ሲበትን በግልጽ ይታያል። መነሻዎቹን አንጥሮ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ መሥራት ከኋላ ከማጽዳት ይሻላል።

አዲስ_ገቢ፦

ሄክሳፍሉዎሮፎስፌትና ቴትራፍሉዎሮቦሬት ያላቸውም እንዲሁ ይታጠባሉ? ዋጋቸው ስለሚቀል ነው።

የጨው_ጓዳ፦

በእነሱ ላይ ጥንቃቄው የተለየ ነው። ከውሃና ከሙቀት ጋር እየተበተኑ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ያወጣሉ። ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ አጥንት ይጎዳል፤ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገባችሁ ሳይኖር አትሥሩ። ብርጭቆውንም ይበላል፤ እንግዲህ ሲሊኮን ከብልቃጡ ግድግዳ መምጣት ጀመረ ማለት ነው። በ60 ዲግሪ ማድረቅ፣ ብርጭቆ ውስጥ ለወራት ማስቀመጥ፣ ሁለቱም አይሆኑም። ለጀማሪ ቢስትሪፍሊማይድ ይሻላል።

ብርሃን_ሰባሪ፦

የጠብታ ሦስተኛ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ኤቲአር የገጽ መሣሪያ አይደለም፣ ስሙ ያሳስታል። በአልማዝ ክሪስታል፣ በ45 ዲግሪ፣ የሞገድ ቁጥር 3000 ላይ፣ የፈሳሹን የብርሃን ስብራት 1.43 አድርገን ብናሰላ ብርሃኑ 0.58 ማይክሮሜትር ይዘልቃል። ይህ ወደ 700 የአዮን ንጣፍ ነው። 1000 ላይ ደግሞ 1.7 ማይክሮሜትር ይደርሳል። በዚያ ላይ የምታየው ከአልማዙ ጋር የተነካካውን ጎን እንጂ ከአየር ወይም ከቫኪዩም ጋር ያለውን ገጽ አይደለም። ፈሳሹ መድረቁን ለመፈተሽ ግን ጥሩ ነው፤ የውሃው የቦንድ ዝርጋታ ንዝረት ከ3500 እስከ 3650 ውስጥ በግልጽ ይታያል።

ገጹን በብርሃን ለማየት የድምር ድግግሞሽ ስፔክትሮስኮፒ ያስፈልጋል፤ በአጭሩ ኤስኤፍጂ የምንለው። ሁለት ሌዘሮች፣ አንዱ ብዙውን ጊዜ 532 ናኖሜትር፣ ሌላው ኢንፍራሬድ፣ በአንድ ነጥብ ገጹን ይመታሉ፤ የሚወጣው ብርሃን ድግግሞሽ የሁለቱ ድምር ነው። ኢንፍራሬዱ 2900 ላይ ሲሆን ምልክቱ 461 ናኖሜትር ላይ ይወጣል። ፈሳሹ ውስጥ ሞለኪውሎቹ በየአቅጣጫው ስለተበተኑ ምልክታቸው ይጣፋል፤ ምልክት የሚሰጠው አቅጣጫ የያዘው ገጽ ብቻ ነው። ኤክስፒኤስ ስንት አተም እንዳለ ይነግርሻል፣ ኤስኤፍጂ ወዴት እንደዞረ።

የሚፈለጉት ፒኮች፦ የሰንሰለቱ ጫፍ ሜቲል ሲሜትሪክ ዝርጋታ 2880 አካባቢ፣ ከሱ ጋር የፌርሚ ሬዞናንስ (ሁለት ንዝረቶች ተጣምረው የሚሰጡት ተጨማሪ ፒክ) 2945፣ የማይመጣጠነው ዝርጋታ 2965። የሲኤች2 ሲሜትሪክ 2850 ላይ ነው። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ 2850 ደካማ ነው፤ ከተጣመመ ይጎላል። የኢሚዳዞሊየም ቀለበት ከ3100 እስከ 3180። የአናዮኑ ሰልፎኒል 1140 አካባቢ። በአሜሪካ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ያለው የባልደሊ የምርምር ቡድን በዚህ መንገድ የሠራው ብዙ ነው፤ የቡቲል ሰንሰለት ወደ ጋዙ በኩል እንደሚዘረጋና ቀለበቱ ወደ ገጹ ጋደም እንደሚል ያሳየው ይህ ዘዴ ነው።

ለአንቺ ጉዳይ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ከሲሊኮን ጋር የተያያዘ ሜቲል ከ2905 እስከ 2915 ባለው ውስጥ ጠንካራ ፒክ ይሰጣል፣ ከሰንሰለቱ 2880 ተለይቶ። እሱን ካየሽ ኤክስፒኤስ ሳያስፈልግሽ ግሪሱን አወቅሽው።

ማስጠንቀቂያዎቹ፦ የብርሃኖቹን ፖላራይዜሽን ቅደም ተከተል ሁልጊዜ መዝግቢ። ኤስኤስፒ ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው፣ ቀጥሎ የሚታየው፣ በመጨረሻ ኢንፍራሬዱ ነው። ጥንካሬውን ከወርቅ ወይም ከኳርትዝ ጋር አመሳክሪ፤ አለበለዚያ የኢንፍራሬዱ ጥንካሬ በየሞገድ ቁጥሩ መለዋወጡን ፒክ ታደርጊዋለሽ። የጠብታው ገጽ ደግሞ ከተቆለመመ የሚንጸባረቀው ጨረር ከመቀበያው ይወጣል፤ ሰፊ ሳህን ተጠቀሚ፣ መካከሉን ለኪ።

ኤሌክትሮን_ቆጣሪ፦

የብርሃን ሰባሪ መልስ ግሩም ነው። እኔ ወደ ናሙና አቀማመጡ ልመለስ፣ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነው።

በአብዛኛው ማሽን 80 ዲግሪ ለማግኘት ናሙናው ነው የሚዘነብለው። ፈሳሽ ሲዘነብል ይፈሳል። የኦክቲሉ የገጽ ውጥረት 0.031 ኒውተን በሜትር፣ ጉድጓዱ 10 ሚሊሜትር ርዝመት ካለው፣ በቁም ሲሆን ከታች በኩል የሚፈጠረው ግፊት 130 ፓስካል ያህል ነው። 0.5 ሚሊሜትር ጥልቀት የሚይዘው በግምት 60 ፓስካል ነው፤ ስለዚህ ይፈሳል። 0.1 ሚሊሜትር 300 ገደማ ይይዛል፤ ይቆያል። ግምት ነው፣ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ሞሊብዲነም ወይም ወርቅ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ጉድጓድ አስቆርጪ። ፈሳሹ ከመቅጠኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ ገጹን የሚመግበው እድፍ ከ0.5 ሚሊሜትሩ አምስት ጊዜ ያነሰ ነው። በጀርመን ኤርላንገን ያሉት የስታይንሩክ እና የማየር የምርምር ሰዎች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውታል፤ ሁለት የኤሌክትሮን መቀበያ አንዱ በ0 ሌላው በ80 ዲግሪ ያለበት መሣሪያ ሠርተው ፈሳሹ ሳይዘነብል ሁለቱን ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይለካሉ።

የእይታ ቦታውም በ80 ዲግሪ ይረዝማል፤ 5.8 እጥፍ። በ0 ዲግሪ 1 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 6 ሚሊሜትር ይደርሳል። ጉድጓድሽ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ጠርዙን ትለኪያለሽ። ወርቅ ከሆነ 84.0 ላይ የወርቁ 4ኤፍ ይታያል። እሱ ባለበት ስፔክትረም ቁጥር አታውጪ። መቀበያው ሰፊ የማዕዘን ክፍት ካለውም ጥበቢው፤ ፕላስ ማይነስ 7 ዲግሪ ቢሆን 73 እና 87 በአንድ ላይ ተደባልቀው ይገባሉ፣ ከላይ ባስቀመጥኩት ቁጥር ደግሞ በዚህ ክልል እያንዳንዱ ዲግሪ ብዙ ይለውጣል።

ጋዝ ማውጣት በዝግታ ይሁን። ኦክቲሉ በ25 ዲግሪ 90 ሚሊፓስካል ሰከንድ ያህል ውፍረት አለው፣ አረፋው ቶሎ አይወጣም። ቫልቩን በአንዴ ከከፈትሽ አረፋው ፈንድቶ ግድግዳው ላይ ይረጫል። ፓምፑን ጥቂት በጥቂት ክፈቺ፣ አረፋ እስኪያቆም ጠብቂ፣ ከተቻለ 40 ዲግሪ ድረስ አሙቂው። ወደ ዋናው ክፍል ከማስገባትሽ በፊት ሌሊቱን በማቆያው ይደር።

የኃይል ማመሳከሪያው ለኦክቲሉ ቀላል ነው፣ የሰንሰለት ካርቦኑን 285.0 ላይ ታደርጊዋለሽ። እንደ ኤቲል ባሉ አጭር ሰንሰለቶች ግን የሰንሰለቱ ፒክ ራሱን ችሎ አይታይም፤ የካታዮኑን ናይትሮጅን 402.1 ላይ አድርጎ ማስተካከል ይሻላል። ግሪስ ያለበትን ናሙና በ285.0 ማመሳከር ደግሞ ጨርሶ አይቻልም፣ ምክንያቱም ፒኩ የማን እንደሆነ አታውቂም።

ጠብታ፦

ገጹን በአርጎን ብተኩሰው ወይም ላዩን ብጠርገው ከዚሁ ናሙና አላድንም?

ኤሌክትሮን_ቆጣሪ፦

አርጎን ጠንካራ ነገር ላይ ይሠራል። ፈሳሽ ላይ ላዩን ሲገፉት ከውስጥ ሌላ ሲሎክሴን ይወጣል፤ አዮኖቹንም ይሰብራል። መጥረግ ግን ይጠቅማል፣ ከቫኪዩም ውጭ። ጫፉ የጠበበ በእሳት የጸዳ የብርጭቆ ፒፔት ከመሳቢያ ጋር አገናኝተሽ ጫፉን ገጹን ብቻ አስነኪው፣ ላዩን ቀስ እያልሽ ምጠጪው። ለ20 ማይክሮሊትር ጠብታ አይሆንም፤ በሰፊ ሳህን ላይ ዘርግተሽ ጥረጊ፣ ከዚያ ከመካከሉ ውሰጂ።

ሌላው ጉዳት ከጨረሩ ነው። ቢስትሪፍሊማይድ በኤክስሬይ እየቆየ ይሰበራል፤ በናይትሮጅኑና በፍሎሪኑ ክልል ውስጥ አዲስ ትከሻ ይታያል። ስለዚህ 80 ዲግሪውን መጀመሪያ ለኪ፣ ናይትሮጅኑን አስቀድሚ፣ በመጨረሻ ናይትሮጅኑን ድገሚ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ካልተደራረቡ መካከል ላይ የተወሰደው ሁሉ በአዲስ ቦታ ይለካ።

አዲስ_ገቢ፦

እነዚህ ነገሮች ቫኪዩም ውስጥ አይተኑም? ሁሌም ይገርመኛል።

መስታወት_ቤት፦

ይተናሉ፣ ግን በጣም ጥቂት። በክፍል ሙቀት የትነት ግፊታቸው ከፍተኛ ቫኪዩም ውስጥ ለቀናት መቀመጥ የሚያስችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኖቲንግሃምና በኤርላንገን የመጀመሪያዎቹ የኤክስፒኤስ መለኪያዎች የተቻሉትም በዚህ ነው። በ2006 ደግሞ አንዳንዶቹ በቫኪዩም ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ ሊነጠሩ እንደሚችሉ ታየ። ስለዚህ ማሞቅ ካስፈለገ ከ80 ዲግሪ አትለፉ፤ ካለፋችሁ ከፈሳሹ የሚወጣው የማሽኑን ሌንስ ይቀባል።

ጠብታ፦

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሄክሳኑን ዛሬ ነጥሬ አድራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የታጠበውን ፈሳሽ እስክለካው ድረስ በምን ላስቀምጠው? ክዳናቸው የሲሊኮን ሽፋን ያለው ጠርሙሶች ናቸው ያሉኝ።

የጨው_ጓዳ፦

በእነዚያ አትክደኚው። የአንገቱ ብርጭቆ የሚቀልጥ አምፑል ካለሽ በቫኪዩም አትመሽ ዝጊው፤ ከዚህ የተሻለ የለም። ከሌለ ቦሮሲሊኬት ጠርሙስ ላይ ሙሉ የቴፍሎን ሽፋን ያለው ክዳን፣ እሱንም በሄክሳን አጥበሽ። ከግማሽ በላይ አትሙይው፣ ፈሳሹ ክዳኑን እንዳይነካ ቁሞ ይቀመጥ። በጠርሙሱ ላይ የታጠበበትን ቀንና የውሃ መጠኑን ጻፊ። ለመለካት ስትከፍቺው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጠብታ አስወግጂ፤ ከአንገቱ ጋር የተነካካው እሱ ነው።